የወለላ ጄሪካን

«መሞታቸውን ትንፍሽ እንዳትል። ስለ መንገዱ አውራ፣ ስለ ነዳጅ አውራ፤ ስለ እናቷ ግን አደራ።»

የኔታ ወልደ ሩፋኤል ይህን ያሉኝ ፀሐይ ገና የግቢያችንን የቆርቆሮ አጥር ሳታልፍ፣ እኔ የመኪናዬን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ነው። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ አምደሚካኤል እጁን ጃኬቱ ኪስ ከትቶ መሬት መሬቱን ያያል። ሟቿ የእሱም እናት ናቸው፤ ዲማ ይኖሩ የነበሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት። ማታ አርፈው፣ ለየኔታ በስልክ ተነግሯቸው፣ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል። ለሴት ልጃቸው ለወለላ ግን ማንም አልነገራትም። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ሰው እቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። መንገድ ላይ ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ ነው ነገሩ። ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ፣ በእኔም ላይ ተደርጓል። ሾፌር ደግሞ ንዳ ያሉትን ይነዳል እንጂ በሰው ቤት ነገር አይገባም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጨርቄን ጨመቅኩ።

ወለላና እኔ አንድ ግቢ ነን። እኔ በሩ ሥር ያለችውን ክፍል፣ እሷ መሐለኛዋን ተከራይተን ብዙ ክረምት አሳልፈናል። የእሷ ክፍል ቤትም ሱቅም ናት። ግማሹን አልጋዋ፣ ግማሹን የስፌት መኪናዋ ይዞታል፤ በመሐል የቀረችው ቦታ አንድ ሰው ቆሞ ልብስ የሚለካባት ብቻ ናት። ለፋሲካ የታዘዙ ቀሚሶች ከላይ ተንጠልጥለው ስለነበር የኔታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። እናትሽ ትንሽ ደከም ብላለች፣ ዓይኗን ልየው ብላለችና ደርሰን እንምጣ አሏት። እማሆይ ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ላይ ስለነበሩ ደከም ማለታቸው ለወለላ አዲስ ነገር አልሆነባትም። ክር እንኳ በዚህ ሳምንት ጨመረ፣ ሥራው ተቆልሎብኝ፣ ብላ ትንሽ አጉረመረመችና ወዲያው ደግሞ ፊቷ በራ። ከአንድ ደብር በራሷ እጅ የቀዳችው ጠበል በቢጫ ጄሪካን አልጋዋ ሥር ተቀምጦ ዲማ የሚሄድ ሰው ሲጠብቅ ሰንብቷል። በሉ እንኳን መጣችሁ፣ እኔው ራሴ አጠጣታለሁ፣ አለች። ከዚያ ስልኳን ትፈልግ ጀመር። ስልኳን ጎረቤታችን ትዕግስት ፎቶ ልይ ብላ ወስዳ በራሷ ክፍል ትራሷ ሥር ወሽቃዋለች፤ አንድ ሰው ደውሎ እንዳይነግራት ተብሎ ነው። ወለላ ስልኬ ስልኬ ስትል ትዕግስትም አብራት ትፈልጋለች፤ ፍራሽ ትገልባለች፣ የስፌት መኪናው ሥር ታጎነብሳለች። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። አንዲት ሴት ገና ጠዋቱ ሳይሞቅ በሰው ሁሉ ስትታለል፣ አታላዮቿ ደግሞ ሁሉም የሚወዷት ሰዎች ሲሆኑ፣ በማን ትቆጣለህ?

ጄሪካኑን ተቀብዬ ከኋላ፣ ከትርፍ ጎማውና ከሞተር ዘይቱ አጠገብ ላስቀምጠው ስል የኔታ በጭራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ጠበል ከዘይት ጋር አይጫንም፣ ነውር አይደለም ወይ፣ ደግሞስ እግር በሚረገጥበት ይቀመጣል ወይ፣ አሉና ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ቸኩዬ ነው እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም። ወለላ ስቃ ጌቾን ተዉት፣ እሱ ለሞተሩ እንጂ ለነፍሱ መች ያስባል አለችና ጄሪካኑን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የኔታ ከፊት፣ ወንድምና እህት ከኋላ። እንዲህ ሆነን ከማርቆስ ከተማ ወጣን።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ ስለሆነ ክፍት የተገኘ ዕለት ሰው ሁሉ ይወጣበታል። አቧራው ለጉድ ነው። ወለላ እየደጋገመች ታወራለች፤ ስለ እናቷ ነው የምታወራው። ክረምት መጥተሽ እኔ ጋ ተቀመጪ ስላት እምቢ ትላለች፣ ዘንድሮ ግን አስገድጄ አመጣታለሁ፣ አልጋውን ለእሷ ሰጥቼ እኔ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ አምዴ አንተ ደግሞ ብርድ ልብሱን ታመጣለህ። አምደሚካኤል እሺ ይላል። ሌላ ቃል የለውም፣ እሺ ብቻ። በመስታወት ሳየው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ የመስኮቱን እጀታ ይዟል። የኔታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት ይደግሙ ወይ ለራሳቸው ያለቅሱ አላውቅም። እሳቸውም እኮ የገዛ እህታቸው ነው የሞተችባቸው፤ ያንን ኀዘን አፍነው፣ የዲማን አቀበት ያህል ዝምታ ተሸክመው ነው የተቀመጡት። አዘንኩላቸውም ተናደድኩባቸውም።

ቁይ ልንደርስ ስንል የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ማርቆስ ብርድ ነው፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ስትመላለስ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ዞረም አልዞረም ማን ልብ ይለዋል? ነፋሱ ራሱ ይበቃል። አቀበት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትጓዝ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቁይ ገበያ ዳር አቁሜ ኮፈኑን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ፋኑ ዝም ብሏል። ሞተሩ እየነደደ ፋኑ ተኝቷል። እዚያው አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ እንዳላማው የሚባል የማውቀው ልጅ አለ፤ ሱቁ ከእህል ወፍጮው ጎን ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። መጣና መጀመሪያ ፊውዙን ነቅሎ በፀሐይ አየው፣ ደህና ነው። ቀጥሎ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ በሁለት ገመድ ከባትሪው ጋር አገናኘው፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኾ ዞረ። እንግዲህ ፋኑ ጤነኛ ነው፣ ፊውዙም ጤነኛ ነው፤ መሐል ላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሪሌ ነው የደከመው፣ አለ። የፋኑን አውልቆ የክላክሱን ሪሌ በቦታው ሰካበት፤ ክላክስ አይኖርህም እንጂ ትደርሳለህ አለኝ። ፋኑም ዞረ። ሶኬቱን ሲመልስ ግን ፊቱን አጨማደደ። የሶኬቱ አንዱ ጥግ ጠቆር ብሏል፣ ጥርሱ ላልቷል፤ ይቺ ተጠብሳለች፣ ቆርጬ ገመዱን ከገመድ ጋር ልሰርልህ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አለ።

እሱ ይህን ሲል ደግሞ ረፍዷል። እሱን ከገበያ ፈልገን እስክናመጣው፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፣ ሪሌ በሪሌ እስኪሞከር ብዙ ጊዜ ሄዷል። የኔታ ሰዓታቸውን ከእጅጌያቸው ሥር እያወጡ ይመለከታሉ። ይሄ ይበቃል፣ ፋኑ ዞሯል አይደለም ወይ፣ እንሂድ አሉ። ወለላ ናት የተከራከረች። ኧረ የኔታ፣ ልጁ ሠርቶ ይጨርስ፣ ምን አስቸኮለን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም ወይ፣ እናቴ እንደሆነች ትጠብቀናለች፣ አለች። ትጠብቀናለች ስትል አምደሚካኤል ዞሮ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። የኔታ ለምን እንደሚቸኩሉ መናገር አይችሉም፤ ትተውት እንዳይቀመጡ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቃቸውም። እንዲሁ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ፤ እኔም በእሳቸው ዓይን ታዝዤ እንዳላማውን ተወው አልኩት።

በዚያው መሐል ነው ወደ ዲማ የምትሄደው ሚኒባስ የመጣችው። ረዳቱ በሩን ይዞ ተንጠልጥሎ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ገበያውን ያናውጠዋል። ሞልታለች፤ የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ከወፍጮ ቤቱ የተመለሰው ወንድምየው የኔታን አያቸው፤ የኔታ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። የሁለቱንም ሐሳብ እንደ ራሴ አወቅሁት። ያችን ቦታ ለወለላ ቢሰጧት በቀብሩ ሰዓት ትደርሳለች። ግን ብቻዋን ከማያውቋት ሰዎች መሐል ገብታ፣ የእማሆይ ልጅ ነሽ ወይ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብትባልስ? መርዶ ከሚኒባስ ተሳፋሪ መስማት ደግሞ ሌላ ነውር ነው፤ እንዲህ አድርገው ለቀቋት ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ሁለቱም ተሳፈሪ አላሏትም። እኔም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ወለላ ግን ረዳቱን ጠርታ፣ ከአጥሩ ሥር ከረጢታቸውን ታቅፈው የቆሙ አንዲት አሮጊት አሳየችውና እነዚያን እናት ውሰዳቸው፣ እኛ መኪና አለን አለችው። አሮጊቷ መርቀዋት ወጡ። ለእናትሽ ያኑርሽ ነው ያሏት። ሚኒባሷ አቧራ ጥላ ሄደች።

ከዚያ ደግሞ ጋቢ ካልገዛሁ አለች። ያችን ታህል ጊዜ እንኳ ከየት ይምጣ፤ ግን እምቢ የሚላት ማን ነው፣ ምን ተብሎስ? ገበያው ዳር ከሸማኔ ጋር ተከራከረች፤ የጠራው ዋጋ ማርቆስ ሁለት ጋቢ ይገዛል አለችው፣ ፈትሉ ላላ አለችው፣ ትታ ሄዳ ተመለሰችና ቀነሰላት። አምደሚካኤልን ና ዳስሰው፣ ለእናቴ ይከብዳታል እንዴ አለችው። ዳሰሰው። አይከብዳትም አላት። ያን ቃል እንዴት ከአፉ እንዳወጣው እሱ ያውቃል። ለሙት አለቅስም የምለው ሰው ነኝ፤ የዚያን ጊዜ ግን ከኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብዬ ዓይኔን በዘይታም እጄ ጠረግኩ።

ከቁይ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ፋኑ ድምፁ ጠፋ። ቀስቱ እንደገና ወጣ፤ ሜዳው መሐል ላይ እንፋሎቱ በኮፈኑ ጠርዝ ተትጎለጎለ። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፤ የታጨደ የጤፍ ማሳ ብቻ፣ መጋቢት ያደረቀው። ጠብቄ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስከፍተው የቀረው ውኃ ተፍለቅልቆ ወጣ። ችግሩን ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ሶኬቷ ቀልጣ ጥርሷ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። እንዳላማው ቆርጬ ልሰረው ያለውን እኔው ቆረጥኩት፤ ገመዱን በጥርሴ ላጥኩና ቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰርኩት። ፋኑ ዞረ። ዞሮ ግን ምን ያቀዘቅዛል? ራዲያተሩ ባዶ ነው። የያዝኳትን አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ጨመርኩበት፤ ታችኛውን እንኳ አላራሰችውም። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ የሚጾም ሰው የሚጠጣ ውኃ አይዝም። ከማሳው ግርጌ ወዳለው ወንዝ ወርጄ አየሁ፣ ጭቃው ደርቆ ተሰንጥቋል። ስመለስ ሦስቱም ከመኪናዋ ጥላ ሥር ቆመዋል። ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ዘንበል ብላለች። ውኃ ካላገኘሁ ሞተሩን ባስነሳው ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚህ ንቅንቅ አንልም አልኳቸው። ይህን ስናገር ወለላ የታቀፈችውን ላለማየት መንገዱን አየሁ። ሁሉም መንገዱን አየ።

«ወለላ፣» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «ስጭው።»

«ምኑን?»

«ጠበሉን።»

ሳቀች። የቀለዱ መሰላት።

«የኔታ፣ ጠዋት ከዘይት አጠገብ ቢያስቀምጠው የተቆጡት እርስዎ ነዎት እኮ። ጠበል ለመኪና? ደግሞ የእናቴ ነው።»

የኔታ እኮ ዕድሜ ልካቸውን በቤተ ክርስቲያን የኖሩ፣ ስንት ተማሪ ያስተማሩ፣ ጠበል የነካ ጣሳ መሬት ሲቀመጥ የሚቆጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው እንደ ለማኝ ቆሙ። ወለላ መጀመሪያ እጃቸውን አየች፣ ቀጥሎ ወንድሟን አየች። አምደሚካኤል ፊቱን ከማሳው አላዞረም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ጄሪካኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። እንግዲህ ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሁላችንም የፈራነው ይህንኑ ነበርና። አልወደቀችም፤ አልጮኸችም።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«ማታ፣» አለ አምደሚካኤል።

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ስንት ሰዓት ነው ብላ አልጠየቀችም። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ እናቷ ቤት ያደገ ሰው ሰዓት በዚያ ያውቃል። ከዚያ ያንን ሚኒባስ አነሳች። ያ ልጅ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ሲጮኽ ሰምታችሁት ነበር አለች። አልተቆጣችም፣ እንዲሁ ለማረጋገጥ ያህል ነው የጠየቀችው። የኔታ ሰምተን ነበር ልጄ አሉ። እሺ አለችና መጣች። የጄሪካኑን ክዳን ራሷ ከፈተች። እኔ ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም፣ ሞተሩን አስነሳ ብቻ አለችኝ። ሞተሩ ትኩስ ስለሆነ ቀስ ብለሽ፣ በትንሽ በትንሹ አልኳት። በትንሽ በትንሹ አፈሰሰችው። ጠበሉ ብረቱን ሲነካ እየጤሰ ይንሾካሾካል፤ የኔታ ጥምጥማቸውን አውልቀው በባዶ ራሳቸው ቆሙ። አንድ ጠብታ መሬት አልፈሰሰም። የስፌት ሰው እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ስታበቃ ክዳኑን መልሳ አጠበቀችና ባዶውን ጄሪካን ይዛ ገባች፣ ጋቢውንም ከላዩ ደረበችበት።

ክላክስ በሌላት መኪና፣ በሬውንም ሰውንም በአፌ እየጮኽኩ እያባረርኩ ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። በመኪናዋ ውስጥ የሚሰማው ፋኑ ብቻ ነበር። የዲማ ደብር ቅጥር ሲታየን ሰዉም ታየን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሳይሆን ከዚያ የሚመለስ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ በትከሻቸው አድርገው ዳገቱን ይወርዳሉ። ከመሐላቸው ሦስት ሽማግሌዎች መኪናችንን ለይተው እጃቸውን አነሱ። መርዶውን ሊነግሯት ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቋት የዋሉት እነሱ ናቸው። ገና መናገር ሲጀምሩ ወለላ በመሐላቸው አልፋ ሄደች። ከበሩ ሥር ያቺ የቁይ አሮጊት ከረጢታቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ለካ እሳቸውም ለእማሆይ ቀብር ነበር የመጡት። ቀብሩን ደርሰውበታል። ወለላን ሲያዩ ተነስተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያን የማየት ዕዳ የሾፌር አልነበረም።

መኪናዋን ሳጠፋ ፋኑ አልቆመም። ቀጥታ ከባትሪ የታሰረ ነገር ቁልፍ አያቆመውም። ለቅሶው መሐል ያ ድምፅ ነውር መስሎኝ ሮጬ ገመዱን ነቀልኩ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ከላዩ የተጣለው ቄጠማ አልጠወለገም። ወለላ ጋቢውን ከአፈሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጋ አስተካክላ ተቀምጣለች። የኔታ አጠገቧ በርከክ ብለው፣ እንዳትደነግጪብን ብለን ነው ልጄ፣ ልማዱ ስለሆነ ነው፣ ለአንቺ ብለን ነው ይሏታል። ስትሰማቸው ቆይታ ቀና አለች።

«ለመኪናዋ ብላችሁ ነው የነገራችሁኝ የኔታ። ለእኔ ብላችሁ አይደለም።»

አምደሚካኤል ከመቃብሩ ማዶ ቁጭ ብሎ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፤ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነውን ነው። ወለላ እኔን አየችኝና ጌቾ፣ ጄሪካኔን አምጣልኝ አለች። ባዶ መሆኑን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሄጄ ከኋላ ወንበር ላይ አነሳሁትና፣ እጄ ዘይት ስለነበረው በሸሚዜ ጫፍ ይዤ አመጣሁላት። ተቀብላ እንደ ጠዋቱ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ቄሶቹ ኑ ግቡ፣ ለንፍሮ ግቡ ብለው ሰዉን መጥራት ጀመሩ።